ሌሊት በር ሲንኳኳ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። በ14 ወር ውስጥ ሦስት ሰው ቀበርኩ፤ እናቴን፣ ታላቅ ወንድሜን፣ በመጨረሻ አብሮ አደጌን። ስለ ሞታቸው አልጽፍም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለመጣብኝ ጣጣ ነው።

መቼም መርዶ እኛ ዘንድ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። የወንድሜም እንዲሁ መጣ። ከዚያ ወዲህ በጨለማ በር ከተንኳኳ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። አንድ ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጎረቤቴ በሩን ስትደበድበው እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን ማዞር አቃተኝና ከውስጥ ሆኜ "ማን ሞተ?" ብዬ ጮህኩ። ለካ ውሃ መጥቶ ነው! እንዳያመልጠኝ ብላ። ጄሪካኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ እኔም አፍሬ አለቀስኩ።

ልቤን ያመመኝ መስሎኝ ተመረመርኩ። ደህና ነሽ ተባልኩ። "ሰው ሞቶብሻል እንዴ?" ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ነርስ ብቻ ናት። ሀዘን ከ6 ወር በላይ ሳይበርድ ቆይቶ ሰውን ኑሮውን ሲያስተወው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ እንደገባ የነገረችኝም እሷ ናት። ስንቱ "እምነትሽ ቢጎድል ነው" ብሎኝ ነበር። ጸበል እሄዳለሁ፣ ሐኪም ጋም እሄዳለሁ፤ ምን ያጣላቸዋል?

ሲጨንቀኝ ትንፋሼን ቀስ ብዬ፣ ካስገባሁበት አስረዝሜ እንዳስወጣ አስተማረችኝ። ጠዋት ጣና ዳር ስሄድ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን እያየሁ እሞክረዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይሠራል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ።

ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። እድራችን ይባረክ፣ ድንኳኑም ንፍሮውም ሳይጓደል እስከ ሰልስት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ከአርባው በኋላስ? ጭር። የኔ ሀዘን የጀመረው ደግሞ ድንኳኑ ሲነሳ ነው፣ ቡና አፍልቼ በልማድ የእናቴን ስኒ ስደረድር። የሚመጣ ሰው ቢኖር እንኳ ስሟን እንዳያነሳብኝ ይጠነቀቃል፤ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቶ ይሄዳል። እኔ እኮ ስለሷ እንዲጠይቁኝ ነው የምፈልገው። ሽሮዋ ለምን ሁሌ እንደሚቀጥን፣ በማን እንደምትስቅ። እድሮች ከአርባው በኋላ በየሳምንቱ ሁለት ሰው እየመደቡ ቡና ቢያጠጡን ምን ያህል ወጪ አለው? ስኳሩን እኔ እችላለሁ።

ጎረቤቴ አሁን ዘዴ አበጅታለች። ውሃ ሲመጣ በር አትነካም፣ ከአጥሩ ማዶ ሆና "ውሃ ነው! ውሃ ብቻ ነው!" እያለች ትጮሃለች። ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር