የፈረስ ምርምር ሰኔ 30 ላይ አይቁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር በጀት ጥሪ በወጣ ቁጥር የአባቴ ፈረስ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። እኔንና እህቶቼን ያስተማረን አንድ ዳማ ፈረስ ነው። አንድ ክረምት ማሰሪያው የላጠው ደረቱ አበጠ። እብጠቱ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ወደ እግሩ ወረደ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየፈነዳ መግል ያዘ። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች መጡ። ከአንገቱ ደም፣ ከቁስሉ መግል ወሰዱ። አባቴ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ልጓሙን ይዞ ቆመላቸው። ከዚያ በኋላ ዝር ያለ የለም። ፈረሱ መስቀልን አላየም።

በሽታውን ያወቅሁት የእንስሳት ሕክምና ስማር ነው። ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ ነው፤ በቁስል ይገባል፣ ዝንብም ያዛምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በ28 የአገራችን ከተሞች ካያቸው የጋሪ ፈረሶች 19 በመቶ ያህሉን ታመው አግኝቷል። ዛሬም ገበያ ላይ ክትባት የለውም። አዮዳይድ በሚባል መድኃኒት ማከም ቢቻልም ሳምንታት ይፈጃል።

ደንቡን ደግሞ እዩት። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። አዲሱ ተለቆ ግዥው እስኪያልቅ ክረምቱ ያልፋል። ጭቃና ዝንብ ፈረሱን የሚፈጁት ግን በዚያው ክረምት ነው። ተመራማሪው የታመመ ፈረስ ጥሎ የሚሄደው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ነዳጁም ውሎ አበሉም ስለተዘጋበት ነው። ስለዚህ አንዴ ሄዶ ናሙና ሰብስቦ፣ ስንት በመቶው እንደታመመ ጽፎ ማሳተም ይቀለዋል። ለማዕረግ ዕድገት ነጥብ የሚያስገኝለትም እሱ ነው።

«ፈረስ ወተት የለው፣ ሥጋው አይበላ» የሚል ገምጋሚም ሰምቻለሁ። እህሉን ወፍጮ ቤት፣ ወላዷን ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ማን ሆነና!

የፈረስ ፕሮፖዛል ቢያንስ ሁለት ክረምት የሚሻገር በጀት ይፈቀድለት። ባለጋሪው ፈረሱን ይዞ የሚቆምበት ቀን ገቢውም በጀቱ ውስጥ ይግባ። ለተመራማሪው አበል ያሰበ ደንብ ለእሱ እንዴት አያስብም?

አባቴ ዛሬም፣ «እነዚያ ደም የወሰዱት ልጆች ምን አገኙ?» ይለኛል። የምመልስለት የለኝም። ውጤቱ እዚያው ጋሪ ተራ ሄዶ ለባለፈረሶቹ በአፍ ሳይነገር የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም