ከፍታዋን በዓይን ሳይሆን በሜትር ለኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰውነቷ ትንሽ ሆኖ ቁመናዋ እንደ ጂፕ ከፍ ያለ መኪና ዛሬ የብዙ ቤተሰብ ምርጫ ሆናለች። በጋዜጦችና በሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ «ከፍ ያለች፣ ለኢትዮጵያ መንገድ የምትሆን» የሚለው ቃል ከሞዴሉ ስም አይለይም። ሆዷ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል ግን አይጻፍም። ቢጻፍም ባዶዋን ቆማ የተለካው ነው። እኛ በጋራዥ ሥራ የምንተዳደር ባለሙያዎች በየሳምንቱ ፎሳ (የመኪና ሆድ ከሥር የሚታይበት የጋራዥ ጉድጓድ) ላይ ቆመን የምናየው የተጎዳ ሆድ አብዛኛው የሚመጣው ገዢው ይህን ባለማወቁ ነውና፣ ስለ ጉዳዩ ዘርዘር አድርገን መጻፍ ፈለግን።

በመጀመሪያ የአምራቾቹን ቁጥር እንይ። ቶዮታ ረሽ 220 ሚ.ሜ፣ ሱዙኪ ቪታራ ብሬዛ 198፣ ሂዩንዳይ ክሬታ 190፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራችው ቶዮታ ራይዝ 185፣ ኤሌክትሪኳ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ደግሞ 175 ሚ.ሜ ናቸው። ዩዋን ፕላስ 4 ሜትር ከ45 ስለምትረዝም ከሌሎቹ በመጠን ከፍ ትላለች፤ ሆኖም ነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገዢው አዲሷን ኤሌክትሪክ ያገለገለች ነዳጅ መኪና አጠገብ አቁሞ ስለሚያወዳድር አብረን አይተናታል።

ከዚህ ዝርዝር ተነስቶ ረሽ ብሬዛን በ22 ሚሊ ሜትር ትበልጣለች ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ ግን ልዩነቱ የዚያን ያህል አይደለም። ምክንያቱ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ነው። የረሽ 2685 ሚ.ሜ ሲሆን የብሬዛ 2500 ነው። መኪናዋ ሹል ጉብታ ላይ ስትወጣ፣ የፊት ጎማዋ ካለፈ በኋላ ሆዷ ይነካል አይነካም የሚለውን የሚወስኑት ከፍታውና ይህ ርቀት አብረው ናቸው። ዝቅተኛው ቦታ መሐል ላይ ነው ብለን ስናሰላው ረሽ 18.6 ዲግሪ፣ ብሬዛ 18 ዲግሪ የሚሆን ጉብታ ሳትነካ ታልፋለች። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው ማለት ነው። ክሬታና ራይዝ ደግሞ በወረቀት በ5 ሚሊ ሜትር ቢለያዩም ራይዝ አጠር ስለምትል ሁለቱም 16.7 ላይ ይገናኛሉ። ዩዋን ፕላስ 14.7 ናት። በየሰፈሩ ነዋሪው በራሱ ሲሚንቶ የሚሠራቸው ጠባብና ቀጥ ያሉ የፍጥነት መቀነሻዎች፣ እንዲሁም ከዋናው አስፋልት ወደ ግቢ የሚያስገቡ አጫጭር ዳገቶች ላይ የሚፈርደው ይህ ቁጥር ነው።

ሌላው ጭነት ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲሳፈር የመኪናዋ ኋላ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ሞላው (ስፕሪንጉ) ያረጀ ከሆነ ከዚያም ይብሳል። 19 ሴንቲ ሜትር የነበረው 15 ሲሆን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) መጀመሪያ ይመታል። ረሽ እዚህ ላይ የተለየ ጠባይ አላት። የምትገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ ከኋላ አንድ ወጥ አክስልና ዲፈረንሻል (የኤንጅኑን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍል የማርሽ ሣጥን) አላት። ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ በሞላው ላይ የተንጠለጠለ ስላልሆነ ሰው ቢሞላባትም የእሱ ከፍታ አይቀንስም፤ የሚወርደው አካሏ ነው። በዚያ ላይ ሰው በጫነች ቁጥር ክብደቱ በሚገፋው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ጭቃ ዳገት ላይ መቆንጠጧ ይጨምራል። ብሬዛ፣ ክሬታና ራይዝ በፊት ጎማ ስለሚጎተቱ (ራይዝ በአራቱም የሚገፋ ዓይነት አላት) ኋላቸው ሲከብድ ፊታቸው ይቀላል፤ ክረምት ላይ ዳገት ጀምረው ፊታቸው የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ረሽ ባዶዋን ስትሆን በተቃራኒው ጭቃ ላይ ጅራቷ ይሸሻል። ጠባብና ረጅም ቁመና ስላላትም ኩርባ ላይ በፍጥነት መግባት አትወድም።

እንግዲህ መኪና ለማየት የሚሄድ ሰው ሜትር በኪሱ ይያዝ። የጎማውን ንፋስ በሾፌሩ በር ጎን በተለጠፈው ወረቀት ልክ አስሞልቶ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ አራት ቦታ ይለካ፦ ከኮፓው (ከኤንጅኑ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ሥር፣ ከፊት ፓራውርቲ የታችኛው ከንፈር፣ ከመሐል የጭስ ማውጫው ቱቦ እና ከኋላ ማርሚታው። ከዚያ አምስት ሰው አስገብቶ መኪናዋን ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ነድቶ ሞላው ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ይለካ። ካልተነዳች ጎማው ባለበት ተይዞ ስለሚቀር ልኬቱ ያታልላል። የፊት ከንፈሩ እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ከሆነ ዝቅ ማለቱ አያሳስብም። ኮፓውና የጭስ ቱቦው መገጣጠሚያ ግን ያሳስባሉ።

ሻጩ ስለ ከፍታ ሲነግራችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። ባዶዋን ነው ወይስ ተጭና? የቻይና ሠንጠረዦች አንዳንዴ የተጫነችውን፣ አንዳንዴ ባዶዋን ስለሚጽፉ ሁለት ቁጥር አቻ ሳይሆን ይወዳደራል። ሁለተኛው፣ መኪናዋ ለየትኛው አገር ገበያ ነው የተሠራችው? ራይዝ የሚል ስም ያላት መኪና ለኢንዶኔዥያ ስትሠራ 200 ሚ.ሜ፣ ለጃፓን ስትሠራ 185 ናት። ስሟ አንድ ይሁን እንጂ ሞላዋ አንድ አይደለም።

ስለ መልክ አጭር ነገር እንበል። ክሬታ ከሁሉም ታምራለች፤ ይህን የሚክድ የለም። ራይዝ ቁጡ ፊት አላት፣ ብሬዛ ደግሞ ሳጥን ትመስላለች። ይሁን እንጂ የብሬዛ ሳጥንነት ለኋላ ተሳፋሪ ራስ ቦታ ይሰጣል፣ ሾፌሩም የኮፈኑን ጫፍ ከወንበሩ ሆኖ ስለሚያይ ጠባብ መንደር ውስጥ አይቸገርም። በጎማ ዙሪያ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጥቅም አለው፤ ጠጠር ይመታዋል እንጂ ቀለም አይፋቅም። ገንዘብ የሚያስወጣው የመልክ ነገር ትልቅ ቸርኬ ነው። 215/60 አር 17 ጎማ (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል የጎማው ስፋት በሚ.ሜ፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ልክ በኢንች ናቸው) 129 ሚሊ ሜትር የጎን ቁመት ሲኖረው 215/55 አር 18 ያለው 118 ብቻ ነው። ኮብልስቶን ላይና ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ይህ አንድ ሴንቲ ሜትር ቸርኬ ከመታጠፍና ጎማ ጎኑ ከመፈንዳት የሚያድን ነው። ከሁለት ዓይነት አንዱን መምረጥ ከቻላችሁ ባለ ትንሿን ቸርኬ ውሰዱ።

«ከፍ እናድርጋት» የሚለው ጥያቄ በየጋራዡ ይመጣል። ከሞላው ላይ ወፍራም ላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ማስገባት ቀላል ይመስላል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን የፊት ሴሚያሱ (ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ከልክ ያልፋል፤ ኩፊያው (የጆይንቱ ላስቲክ ሽፋን) ይቀደድና አቧራ ገብቶ ጆይንቱ መሪ ሲጠመዘዝ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ይጀምራል። አሞርዛተሩም ሙሉ ተዘርግቶ ስለሚቆም ጉድጓድ ላይ ከላይ ይመታል። ከዚህ የሚሻለው አንድ ደረጃ ቁመት ያለው ጎማ ነው። 215/60 አር 16 የነበረውን ወደ 215/65 አር 16 ብትቀይሩት መኪናዋ በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በ3 በመቶ ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ አትርሱ፤ መሪ ሙሉ ተጠምዝዞ የጎማ ቤቱን እንዳይነካም ቀድሞ ይታይ።

ኮፓ መከላከያ ብረት ማሠራት ጥሩ ነው፤ የሚሠራበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። በቂው 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። 60 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን 10 ኪሎ ይጠጋል። በብየዳ ሳይሆን በቡሎን ይታሰር። የሚታሰረውም ኤንጅኑን ከሚሸከመው ብረት ላይ እንጂ ከራዲያተር መያዣው ላይ አይሁን፣ አንድ ምት ከነራዲያተሩ ይዞት ይሄዳልና። ከኮፓው 2 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከተጠጋ ብረቱ ሲታጠፍ ኮፓውን አብሮ ይጨፈልቃል። ዘይት የሚለቀቅበት ቀዳዳና ጭቃ የሚወርድበት ክፍተት ይኑረው። የምትከፍሉት ዋጋ ከፍታችሁን በ2 ሴንቲ ሜትር መቀነስ መሆኑንም እወቁ።

ኮፓ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ዘይት የሚስበው ማጣሪያ ከኮፓው ወለል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ኮፓው ሳይቀደድ እንዲሁ ቢጨፈለቅ እንኳ የማጣሪያውን አፍ ይዘጋዋል። ዘይት ጠብ ሳይል፣ ዳገት ላይ ወይም በከፍተኛ ዙር የዘይት መብራት ብልጭ ይላል። ብዙዎች «ሴንሰር ነው» ብለው ይነዳሉ፣ ውጤቱም ኤንጅን ማውረድ ነው። ሆዷ ተመትቶ መብራቱ አንዴ ከበራ ኤንጅኑን እዚያው አጥፉ። ያገለገለች መኪና ስትገዙም ፎሳ ላይ አስወጥታችሁ ኮፓውን በእጃችሁ ዳብሱ፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ወይም ከጎኑ የሚለይ ኮፓ ካያችሁ ጥያቄ ጠይቁ።

ስለ መግዛት ስናወራ ጉልበትም አብሮ ይምጣ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናትና። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ኤንጅን የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ቤንዚን ኤንጅን ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የረሽ 104 ፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 82 ይወርዳል፤ እሱም 1300 ኪሎ የሚጠጋ መኪናና እስከ ሰባት ሰው ይጎትታል። የብሬዛ 1.5 ኤንጅን ተመሳሳይ ጉልበት አለው፣ መኪናዋ ግን ቀለል ትላለች። የመጀመሪያዋ ክሬታ 1.6 ኤንጅን 123 የነበረው 97 ገደማ ይቀርለታል። የራይዝ 1 ሊትር ቱርቦ 98 ሲሆን አብዛኛውን እንደያዘ ይቆያል፤ ስለዚህ በወረቀት ታናሽ የሆነችው መኪና እንጦጦ ዳገት ላይ ታናሽ አይደለችም። ኤንጅኗ ከ1300 ሲሲ በታች ስለሆነም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቀለል ካለው ጎራ ነበረች። በምላሹ ቱርቦ ቆሻሻ ዘይት አይታገስም፤ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። ሲቪቲ (ማርሹ ያለ ደረጃ የሚለዋወጥ) ካምቢዮዋም የራሱን ዘይት ብቻ ይጠይቃል፣ ረጅም ዳገትን ከነሙሉ ጭነት በአንድ ትንፋሽ መውጣት ያሞቀዋል።

ኤሌክትሪኳን ግን የቦታው ከፍታ ጉልበቷን አይነካውም፤ ይህ ትልቅ ብልጫዋ ነው። ችግሯ ሆዷ ባትሪ መሆኑ ነው። ወለሉ ለጥ ያለ ስለሆነ የሚንጠለጠል ቱቦ የለም፣ ሆኖም አንድ ሹል ድንጋይ የሚመታው የመኪናዋን ውድ ዕቃ ነው። ከተመታች በኋላ ምንም መብራት ባይበራ እንኳ ወደ ላይ ተነስታ የባትሪው ሽፋን መሰንጠቁ፣ የማቀዝቀዣ ቱቦው መላላጡ ይታይ፤ ኤሌክትሪክ ወደ አካሏ እንዳይፈስም ይለካ። በስንጥቁ ውኃ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ወደ ጎጃም ለሚሄዱም አንድ ማሳሰቢያ አለን፦ ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ወደ አባይ በረሃ አትውረዱ። የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። 80 በመቶ ላይ ብትወርዱ መኪናዋ ራሷን እየያዘች ባትሪዋን ትሞላለች።

ለየትኛዋ ገንዘባችሁን ብታወጡ ይሻላል ብትሉን፣ ፒስታ መንገድ ለሚበዛበትና ቤተሰቡ ከአምስት በላይ ለሆነ ረሽ፣ ከተማ ውስጥ ሆኖ አልፎ አልፎ ገጠር ለሚወጣ ብሬዛ እንላለን። ክሬታ ከብሬዛ የምትጨምረው ዋጋ ለምቾቷ፣ ለመልኳና ለኤንጅኗ እንጂ ለከፍታዋ አይደለም። ራይዝን ለከተማ ዳገት እንመርጣታለን። ዩዋን ፕላስ ቤቱ ቻርጅ ማድረግ ለሚችልና የሰፈሩ መንገድ አስፋልት ወይም ደህና ኮብልስቶን ለሆነ ሰው ትበልጥበታለች፤ የግቢው መግቢያ ሹል ዳገት ያለበት ግን ሳይገዛ በፊት እዚያው ወስዶ አምስት ሰው ጭኖ ይሞክራት።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመኪና ማስታወቂያ ስትቀበሉ «ከፍ ያለች» ከሚለው ቃል ጎን ባዶዋን ስትሆን ያላትን ከፍታ፣ በጎማዎቿ መካከል ያለውን ርቀት፣ የጎማዋን ልክና የተሠራችበትን ገበያ አስሞሉ። አራቱም በአንድ መስመር ይገባሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጋራዥ ሥራ ላይ የተሰማራን የመኪና ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ