ጭስ ማውጫችሁ ላይ ስለምንገጥማቸው ሁለት ሴንሰሮች

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን የሚደውልልን ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «እነዚህ ሁለት ነገሮች ጭሱ ውስጥ ሳይገቡ ሙቀቱን በምን ያውቁታል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ የምታወጡበት ነዋ።

ሥራው በድምፅ ነው። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል። በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 331 ሜትር ይጓዛል፣ በ20 ዲግሪ 343፣ በ150 ዲግሪ ደግሞ 412 ገደማ። ስለዚህ በሴንሰሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በትክክል ካወቅን፣ ድምፁ የፈጀው ጊዜ ሙቀቱን ይነግረናል።

የጭሱ ፍጥነትስ? ሴንሰሮቹን ሰያፍ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርገን የምንገጥመው ለእሱ ነው። ከታች የተላከውን ድምፅ ጭሱ ስለሚገፋለት ቶሎ ይደርሳል፤ ከላይ የሚወርደው ግን ከጭሱ ጋር እየታገለ ይዘገያል። ለምሳሌ ርቀቱ 2 ሜትር፣ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ይሁንና 20 ዲግሪ የሞቀ አየር በሰከንድ 10 ሜትር ይፍሰስ። አንዱ ድምፅ በ5.71 ሚሊ ሰከንድ፣ ሌላው በ5.95 ይደርሳል። ልዩነቷ ኢምንት ናት፣ መሣሪያው ግን አያመልጠውም። ደስ የሚለው፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የድምፁ የራሱ ፍጥነት ስለሚጣፋ ሙቀቱ ወጣ ገባ ቢልም የፍሰቱ ልኬት አይዛባም።

«ታዲያ ተርሞካፕሉን (ጭሱ ውስጥ የተተከለውን የሙቀት መለኪያ) እንንቀለው?» ኧረ አትንቀሉት! እሱ የሚለካው የተተከለበትን ነጥብ ብቻ ነው፣ ጥላሸት ሲለብስም ይዘገያል፤ ድምፁ ደግሞ የሚሰጠው ያቋረጠውን መንገድ አማካይ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ባይገጥሙ አትደንግጡ። ለማነጻጸሪያ ግን ያስፈልጋችኋል።

አሁን ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይነግሯችሁን እንንገራችሁ። የድምፅ ፍጥነት በሙቀት ብቻ አይወሰንም፣ በጋዙ ዓይነትም ጭምር እንጂ። እርጥብ የቡና ገለባ ስታነዱ ጭሱ ውስጥ ብዙ የውሃ ተን ይገባል። ተን ከአየር ይቀላል፣ ድምፁም ይፈጥናል፣ መሣሪያውም ሳይሞቅ ሞቀ ይላችኋል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ የጭሱ ሞለኪውል አማካይ ክብደት በ3 በመቶ ቢቀንስ፣ 150 ዲግሪ አካባቢ ንባቡ በ13 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ነዳጅ ስትቀይሩ ደውሉልንና ቅንብሩን እናስተካክላለን። ጥላሸቱን በእንፋሎት በምታራግፉበት ሰዓትም ጫጫታው ድምፁን ስለሚውጠው ያንን ንባብ እርሱት።

ልንገጥም ከመምጣታችን በፊት የጭስ ማውጫውን የውስጥ ስፋትና የምታነዱትን ነዳጅ ዓይነት በጽሑፍ ላኩልን። በዕለቱም ቦይለሩን አጥፍታችሁ፣ ማራገቢያውን አቁማችሁ፣ መዝጊያውን ዘግታችሁ ጠብቁን። ምንም ሳይፈስ ሁለቱ ጊዜያት እኩል መሆናቸውን ሳናይ ሥራውን አናስረክብም።

ከሰላምታ ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል