አባባ፣ ሜዳይዎ ተገኝቷል

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ሜዳይዎን አገኘሁት። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትታመም ወደኔ ስናመጣት አብሮ የመጣውን ዕቃ እሁድ ዕለት ሳራግፍ፣ ከበርበሬው ጣሳ ሥር ወጣ። ከነምስክር ወረቀቱ በፌስታል ጠቅልላዋለች። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ቤት ለቤት ፍተሻ ነበር አይደል? እርስዎ ያኔ በአቆርዳት አድርገው በእግር ወደ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ እየሄዱ ነው። ይሙቱ ይኑሩ አታውቅም። ሜዳይዎን ግን ደበቀችው። ተመልሰው ሲጠይቋት ለምን "ጠፋ" እንዳለችዎት እንጃ።

ልጄ ሪባኑን ሲያሸት አስነጠሰው። ስንስቅ ቆየንና፣ "አያቴ ስንት ሰው ገድሎ ነው የተሸለመው?" አለኝ።

ምን ልበለው? ወረቀቱ በ1974፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ኤርትራ ውስጥ ናቅፋ ላይ ጀብዱ ፈጽሟል ይላል። እኔ ከእርስዎ አፍ የሰማሁት ሌላ ነው። አንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሁለት መለኪያ አረቄ ከቀመሱ በኋላ ነው ያወሩት። ምሽጉ ከመቀራረቡ የተነሳ ማታ ማታ የወዲያኞቹ ሲያወሩ ይሰማ ነበር። አንዱ ሲያስል ያድራል። "ይሄ ልጅ ብርድ መትቶታል" ትባባሉ ነበር። አንድ ሌሊት ሳሉ ቀረ። እርስዎም ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይንዎ አልዞረም። ይህን ብለው መለኪያዎን ደፍተው ተነሱ።

ስለ አፋቤትማ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። መጋቢት 1980 እዚያ የሰፈረው ናደው ዕዝ ሲፈርስ፣ ተርፈው ከረን ከገቡት አንዱ እንደነበሩ የነገረኝ ጓደኛዎ ነው፤ እሱም ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወተ።

ትምህርት ቤት "የደርግ ወታደር ልጅ" ሲሉኝ ተደባድቤ እመጣ ነበር። እርስዎ የዘበኛ ካፖርትዎን ለብሰው ለማታ ተራ ሊወጡ ሲሉ ያገኙኛል። የቀሚሴን አቧራ በእጅዎ ያራግፉልኛል። ማን ነካሽ አይሉ፣ አባትሽ እንዲህ ነበር አይሉ። እናደድብዎት ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ አሁንም ትንሽ ቀርቶኛል።

ለፋሲካ እንመጣለን። ሜዳዩን ይዤ ነው፤ ሪባኑን አላጠብኩትም። ልጁ ጥያቄውን አልረሳም፣ አያትህን ራስህ ጠይቅ ብዬዋለሁ። ስለሚያስለው ሰውዬ ይንገሩት። አረቄውን እኔ አመጣለሁ።

ልጅዎ