ለሐኪሞቼ፣ ለወገኖቼና ለዶክተር አሊስተር ማኬንዚ

ከሁሉ አስቀድሞ ዕድሜ የጨመረልኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከልብ ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተነስቻለሁ። ላዳናችሁኝ ሐኪሞች፣ ሌሊቱን ላልተለያችሁኝ ነርሶች ውለታችሁ አለብኝ። የኦክላንድና የሳን ሆዜ ወገኖቼ፣ ሾርባውን በየተራ ስታመላልሱ፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ስታመጡልኝ ከረማችሁ። ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

ሌላም የማመሰግነው ሰው አለ። በፈረንጆቹ 1934 ያረፈው የጎልፍ ሜዳ ንድፍ አውጪ ዶክተር አሊስተር ማኬንዚ።

ሐኪሜ "በእግርህ ሂድ" ሲለኝ አንድ የታክሲ ባልደረባዬ ፓሲፊካ ወደሚገኘው ሻርፕ ፓርክ ወሰደኝ። በ1932 የተከፈተ የሕዝብ የጎልፍ ሜዳ ነው፤ አባል ካልሆንክ አትገባም የሚልህ የለም። እሱ ይጫወታል፣ እኔ ከጎኑ እራመዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ እንደሄድኩ ትንፋሼ ይቆራረጥ ነበር። እሱም ምንም ሳይል ቦርሳውን አውርዶ ይጠብቀኛል። የውቅያኖሱ ድምፅ ከግድቡ ማዶ ይሰማል። ሜዳውን ማን እንደነደፈው የነገረኝም እሱ ነው።

ማኬንዚ በ1870 እንግሊዝ አገር ተወልዶ ካምብሪጅ ተማረ፤ ሐኪምም ሆነ። በቦር ጦርነት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ቦሮቹ (የደች ዝርያ ያላቸው ሰፋሪዎች) ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር እንዴት እንደሚያመሳስሉ ተመለከተ። ያንን ጥበብ ወደ ጎልፍ ሜዳ አመጣው። ተጫዋቹን ለመፈተን የሚቆፈሩትን የአሸዋ ጉድጓዶች ጠርዝ ወጣ ገባ አድርጎ ሲሠራቸው ተፈጥሮ ያበጀቻቸው ይመስላሉ። አንዳንዱ ጉድጓድ ከሩቅ ሲታይ ከግሪኑ፣ ማለትም ኳሷ የምትገባበት ቀዳዳ ካለበት አጭር ሣር ጋር የተጣበቀ ይመስላል፤ ሲደርሱበት ግን በመሃል ሰፊ ሣር አለ። ሳይፕረስ ፖይንትና ፓሳቲየምፖ የሚባሉት የጎልፍ ሜዳዎች የእሱ ሥራ ናቸው። ኦገስታ ናሽናል የተባለውን ሜዳ ከጎልፍ ተጫዋቹ ከቦቢ ጆንስ ጋር ነደፈ፤ እዚያ የመጀመሪያው ውድድር ሳይካሄድ ግን ሳንታ ክሩዝ ውስጥ አረፈ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ከደጁ የማይጠፉ በሽተኞቹን ጎልፍ እንዲጀምሩ ይለምናቸው ነበር። ከጀመሩ በኋላ ወደ ክሊኒኩ እምብዛም እንዳልተመለሱ ጽፏል። እኔም ዛሬ ደረጃ ስወጣ አላርፍም።

ማልዳችሁ ሣሩን የምታጭዱ የሻርፕ ፓርክ ሠራተኞች፣ ቦርሳህን አውርደህ የጠበቅከኝ ወንድሜ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከቀዶ ሕክምና የተነሳችሁ ካላችሁ ሐኪማችሁን አስፈቅዳችሁ ደውሉልኝ፤ አብረን እንሄዳለን።

ወንድማችሁ፣ ከኦክላንድ