እማዬ፣ ውጤቱ እስኪመጣ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ወረቀት ለማንም እንዳታስነብቢ፤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፁን ከፍተሽ ነው የምታወሪው፣ ቤቱም ሰው አያጣም።

ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ መሄድሽ ትልቅ ነገር ነው። «ይሄ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ነው» ሲሉሽ ተመልሰሽ አለመምጣትሽም ጥሩ አደረግሽ። ያ የዘመቻው ዕድሜ ነው። ከ50 በኋላ ምርመራውን መተው የምትችለው ከዚያ በፊት በተከታታይ ሁለት ጊዜ ተመርምራ ነፃ የተባለች ሴት ናት። አንቺ በ58 ዓመትሽ ገና የመጀመሪያሽ ነው።

ያመመሽ ነርሷ ክፉ ስለሆነች አይደለም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የውስጥ ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ የመክፈቻው መሣሪያ ሲገባ ያቃጥላል፣ ብሩሹ ሲነካውም በቀላሉ ይደማል። ሌላ ጊዜ ካስፈለገ ትንሹን መጠን እንዲጠቀሙልሽ ንገሪያቸው፤ መጠየቅ ነውር የለውም። አሁን አንድ ሁለት ቀን ጠብታ ደም ወይም ሮዝ ፈሳሽ ብታዪ፣ እንደ ወር አበባ ያለ ቀለል ያለ ቁርጠት ቢሰማሽ አትደንግጪ። ሞዴስ አድርጊ፣ ጥጥ ግን ወደ ውስጥ አታስገቢ። ገላሽን ታጠቢ፣ ውስጥሽን ግን በውኃም በሳሙናም አትታጠቢ። ጠበሉን ጠጪ። ወይባውን ግን ለጊዜው ተይው፤ ጭሱና ሙቀቱ የተቆጣውን ቆዳ ይብስ ያስቆጣዋል። የግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ።

ደሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ ወይም ሆድሽ ታች ላይ የማያስቀምጥ ሕመም ከተሰማሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። እንዲህ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው፤ ግን «ይነጋል» ብለሽ እንዳትተኚ ብዬ ነው የጻፍኩት።

«የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ወዲያው ነግረዋታል፣ የእኔን ደብቀውኛል» ያልሽው ስህተት ነው። እሷን ያዩዋት በኮምጣጤ አሲድ ቀብተው ነው፤ የተለወጠ ቦታ ካለ በደቂቃ ውስጥ ይነጣል፣ መልሱም እዚያው ይሰጣል። በአንቺ ዕድሜ ግን ሴሎቹ የሚለወጡበት ቦታ ወደ ማህፀን በር ቱቦ ውስጥ ስለሚገባ ተቀብቶም በዓይን አይታይም። ስለዚህ በብሩሽ ናሙና ወስደው የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ መኖር አለመኖሩን ወደሚያይ ላቦራቶሪ ላኩልሽ። ሁለትም ሦስትም ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። መዘግየቱ የወረፋ ነው፣ የመጥፎ ውጤት ምልክት አይደለም። ቀጠሮሽ ካለፈ ግን ካርድሽን ይዘሽ ሄደሽ ጠይቂ፤ ወረቀት ይጠፋል።

ናሙናው አልበቃም ቢሉሽ ይደገማል፣ ሌላ ትርጉም የለውም። «ነጌቲቭ» ካሉሽ ቫይረሱ የለም ማለት ነው፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመት አይደገምም። «ፖዘቲቭ» ካሉሽ ደግሞ ካንሰር አለብሽ አላሉሽም። ቫይረሱ ተገኝቷል፣ ሴሎቹን ለውጧቸው እንደሆነ ይታይ ማለት ነው። ዓይነቱ 16 ነው ወይስ 18 ብለሽ ጠይቂ፤ ከማህፀን በር ካንሰር ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ከእነዚህ ሁለቱ ነው የሚመጣው። ቫይረሱ ሳይጠፋ ከቆየ እንኳ ወደ ካንሰር ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል።

የሚቀጥለው ኮልፖስኮፒ ነው። ከውጭ ሆኖ በማጉያ መነጽር የሚያይ መሣሪያ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ሥጋ ይቆነጥራሉ። ደሙን ለማቆም ብረት ያለበት መድኃኒት ስለሚቀቡ ለጥቂት ቀን የቡና አተላ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ቀለሙ ያስፈራል፣ ግን መድኃኒቱ ነው።

ስለ አባባ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ቫይረሱ በግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑን ነግረውሻል፤ ድምፅሽ ተለውጦ ነበር። በግንኙነት ሕይወቷ ከቫይረሱ ጋር ያልተገናኘች ሴት ጥቂት ናት፣ አብዛኛው ሰውም በሆነ ጊዜ ይይዘዋል። ብዙውን ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል፤ የቀረው ምንም ሳያሳይ ሠላሳ ዓመት ተኝቶ ሊነሳ ይችላል። ማን መቼ አመጣው የሚለውን የትኛውም ላቦራቶሪ አይነግርሽም። ነፍሳቸውን ይማር፣ እሳቸውን በመቃብር አትክሰሺ፤ ራስሽንም አትክሰሺ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሹ ፊደል ቆጥሮ ጨረሰ፣ አሁን የግድግዳ ጽሑፍ ሁሉ ያነባል። ትልቋ ትምህርት ቤት ክትባቱን ተወግታለች፤ «መካን ያደርጋል» ብለሽ የተቆጣሽበት ያው ነው። መካን አያደርግም። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጆች መስጠት የጀመረችው ለዚሁ ቫይረስ ነው። በቁመቷ ዘንድሮ እኔን ልትደርስ ነው፤ ፎቶ እልክልሻለሁ። ድርቆሹም ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንዱን ለማለት ከብዶኝ ነው። በስልክ «ከፋሲካ በፊትም ትንሽ አይቼ ነበር» ብለሽ ወዲያው ስለ ጤፍ ዋጋ አወራሽኝ። ያ ደም የምርመራው አይደለም። የወር አበባሽ ከቆመ ስድስት ዓመትሽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንድ ጠብታም ቢሆን፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ይመረመራል። የኤች ፒ ቪ ውጤትሽ ነጌቲቭ ቢመጣም ይመረመራል፤ ያ ምርመራ ምልክት ለሌላት ሴት የተሠራ ነው፣ የማህፀን ግድግዳን ደግሞ ጨርሶ አያይም። ወረቀቱን ይዘሽ «ነፃ ነኝ» ብለሽ እንዳትቀመጪ የምፈራው ይህን ነው።

እንዲህ ከሚደሙት አሥር ሴቶች በዘጠኙ ያህል ካንሰር አይገኝም። ቆዳው ሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ በማህፀን ውስጥ የበቀለች ትንሽ ሥጋም ልትሆን ትችላለች። ካንሰር ቢሆንም ደሙ ቀድሞ ስለሚያሳብቅ በጊዜ ይደረስበታል፣ ማህፀኑን አውጥቶ ብዙዎቹን ማዳን ይቻላል። የሚጎዳው መቆየቱ ነው። እቴቴም «ብርድ ነው» ስትል ነበር፣ አንቺም ልብሷን እያጠብሽ ታውቂ ነበር፤ ለእኛ የተነገረን መቀመጥ ሲያቅታት ነው። ለምን እንደደበቃችሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም፤ ያንኑ በእኔ ላይ አትድገሚብኝ ብቻ።

የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሲጠይቁሽ «ምርመራ ልደረግ» አትበያቸው፤ «የወር አበባዬ ከቆመ በኋላ ደም አየሁ» በያቸው፣ ያ ቃል ነው ወረፋውን የሚያስቀድምሽ። መቼ እንዳየሽ፣ ምን ያህል እንደነበር፣ ቀለሙንም ጽፈሽ ያዢ። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ፣ አስፕሪኗንም ጨምረሽ፣ ከነካርቶኑ አሳዪያቸው። በታች በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ አልትራሳውንድ አንስተው የማህፀኑን ግድግዳ ይለካሉ። 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያረጋጋል፤ ከዚያ ከወፈረ ወይም ደሙ ከተመለሰ በቀጭን ቱቦ ናሙና ይወስዳሉ። ለጥቂት ደቂቃ ይቆነጥጣል፤ ማስታገሻ ቀድመው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ መላኩን አረጋግጪ፣ ደረሰኙንም አትጣይ።

ገንዘቡን ነገ በባንክ አስገባለሁ፤ ለጣሪያው እንዳታደርጊው። ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ድምፁን ዝጊና አውሪኝ። ሦስት ነገር ነው የምጠይቅሽ፤ ደሙ ቆመ ወይ፣ ቀጠሮው መቼ ነው፣ ማን አብሮሽ ይሄዳል። «ደህና ነኝ» የሚል መልስ አልቀበልም።

ልጅሽ