ስለ ስታዲየሙ ገንዘብ፦ ደረሰኙስ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ባህር ዳር ስታዲየም በጀት ሰው ሲከራከር እየሰማሁ ዝም ማለት አቃተኝና ነው ይሄን ምጽፈው፣ ከረዘመ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ስለ ደሞዝ ያወራሁትን ግን እንዳትቆርጡብኝ አደራ።

ክርክሩ ሁሌ አንድ ነው። በጀት በተነሳ ቁጥር ግማሹ "መጀመሪያ ውሃ፣ መጀመሪያ መንገድ፣ ኳስ ምን ያደርግልናል" ይላል፣ ግማሹ ደሞ "የከተማዋ ገፅታ ነው፣ እንግዳ ያመጣል፣ ይጨረስ" ይላል፣ ከዛ ነገሩ ወደ ፖለቲካ ይዞርና ብሩ የት ገባ ያለ ፀረ ልማት፣ ይጨረስ ያለ ደሞ የካድሬ አፍ ይባላል፣ በቃ እዛው ላይ ያልቃል። እኔ የከተማችን ክለብ የባህር ዳር ከነማ፣ የጣና ሞገዶቹ ደጋፊ ነኝ፣ ፕሪምየር ሊግ ሳይገቡ ጀምሮ። ውሃ ደሞ እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ነው ምትመጣው፣ እሱም ሌሊት፣ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሚባለው ለኛ ተረት አይደለም፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰአት ተነስተን ጀሪካን ምንደረድርበት ኑሯችን ነው (ተራ በተራ ነው ምንነሳው፣ ባለቤቴ ይሄን ካነበበች እንዳትስቅ)። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ሲናገር ይገባኛል፣ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር አይነኩትም።

ሰኔ 7 ቀን 2007 ብሄራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ሌሴቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ እዛ ነበርኩ። ወደ 60 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለው ስታዲየም እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ፣ እኛ ኮንክሪቱ ላይ ካርቶን አንጥፈን፣ ፀሀዩ አናት ይበሳል፣ ግን ማን ይሰማዋል። ወንበርም ጣራም ባይኖረው ገና ነው ይጨረሳል አልን። በ2013 መጋቢት ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ስንቀጣ ገና ነበር፣ ጳጉሜ ላይ ዚምባብዌን በባከነ ሰአት ፔናሊቲ ስናሸንፍም ገና ነበር፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ መጥታ 3 ለ 1 አሸንፋን ሄደች፣ ከዛ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽኑ ካፍ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ዘጋብን። ኅዳር ላይ ከጋና ጋር "በሜዳችን" የተጫወትነው ጆሃንስበርግ ነው። እሱስ ይሁን፣ እኔን ያንገበገበኝ የሰኔው ነው። ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፣ ግብፅን! አባይ ከጣና ሚወጣበት ከተማ ላይ መሆን የነበረበት ጨዋታ ሊሎንግዌ ማላዊ ላይ ባዶ በሚባል ስታዲየም ተደረገ፣ እኛ ቀበሌ 14 አንድ ሻይ ቤት ውስጥ መብራት እየሄደ እየመጣ ነው ያየነው። ለሰው አገር ሜዳ ኪራይ፣ ለአውሮፕላን፣ ለሆቴል ሚወጣው በዶላር መሆኑን ደሞ አትርሱ።

ካፍ ሲዘጋብን ምን ጎደለ ነው የተባለው? ትልቁ ኮንክሪትማ ቆሟል፣ ሚድሮክ የሰራው ህንፃ ከሩቅ ታይቶ ያስደስታል። ካፍ የሚፈትሸው ግን ውስጡን ነው፣ መልበሻ ክፍል፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ የህክምና ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ የማታ መብራት፣ ሽንት ቤት። ሽንት ቤት በሉልኝ! ሪባን ሚቆረጥበት ነገር ስላልሆነ ነው ወደ ኋላ ሚቀረው ብዬ አምናለሁ። በጀቱ ሲጸድቅ ሁሉም የሚጣላው ስለ ህንፃው ነው፣ ስለ ጥገናው የሚጣላ ምክር ቤት አባል እስካሁን አላየሁም። ድልድይ ሰርተህ ስታስመርቅ በአብዛኛው ተገላገልክ፣ አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቆ ይሄው ሰውም መኪናም ይሄድበታል። ስታዲየም ግን ካለቀ በኋላ ነው ወጪው ሚጀምረው፣ ሳሩ በየቀኑ ውሃ ይጠጣል (እኛ ጀሪካን ስንደረድር ማለት ነው)፣ ጥበቃ አለ፣ ፅዳት አለ፣ መብራት አለ። ይሄ ወጪ በየአመቱ ከየት ነው ሚሸፈነው?

አሁን ወደ ደሞዙ ልምጣ። ከአመታት በፊት የምሰራበት መስሪያ ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ አዳራሽ ሰበሰበንና ለኳሳችን ድጋፍ ከደሞዛችን በፈቃደኝነት እንስጥ ተባለ። በፈቃደኝነት። ከዛ ሰብሳቢው "ማይስማማ ካለ ይነሳና ሀሳቡን ይግለፅ" አለ። ማን ይነሳል? ለአራት ወር ተቆረጠ። አንድ አዛውንት የስራ ባልደረባችን ብቻ ሂሳብ ክፍል ሄዶ "ደረሰኝ ስጡኝ" አለ። አልተሰጠውም፣ ይልቅ ቅፅል ስም ተሰጠው፣ ጡረታ እስኪወጣ "አያ ፀረ ልማት" ነበር ምንለው፣ እሱም ይስቅ ነበር። ኳስ ሚወድ ሰው ነው፣ ከኔ በላይ ይወዳል። የጠየቀው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው።

እና እኔ ምለው ይሄንኑ ነው። ስታዲየሙ ይጨረስ፣ አዎ። በ2013 እና በ2014 ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ባህር ዳርም ተራዋ ደርሷት ክለቦቹ ሁሉ እዚህ ሲከርሙ ሆቴሉ፣ ባጃጁ፣ አሳ ጠባሿ፣ ሁሉም ሲጠቀም በአይኔ አይቻለሁ፣ ኳስ ምን ያደርጋል ሚል ሰው ያኔ እዚህ አልነበረም ማለት ነው። በ2015 ከነማችን ከጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቶ የታንዛኒያውን አዛምን በፔናሊቲ ሲጥል ግን የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው አዲስ አበባ ነው፣ ምክንያቱ ስታዲየም ብቻ ነው አልልም፣ የዛን ክረምት የነበርንበትን የፀጥታ ሁኔታ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ልጆቹ ታሪክ ሲሰሩ ከተማው በቲቪ አየ።

አሁን ደሞ የአፍሪካ ዋንጫ እናዘጋጅ እየተባለ ነው። ጥሩ፣ ግን እንደለመደው ሌላ ዙር ብር ተመድቦ፣ ሌላ መዋጮ ተሰብስቦ፣ ወንበር ተገጥሞ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ወንበሩን ሚያጥብ ሰው ደሞዝ ከየት እንደሚከፈለው ሳይታወቅ ሊቀር ነው? የምክር ቤት አባሎቻችን ብር ከማጽደቃቸው በፊት ስታዲየሙን በቋሚነት ሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ በወረቀት ያስቀምጡልን፣ የክልሉ ነው የከተማው ነው እያሉ እንዳይገፋፉበት። የትኬት፣ የኮንሰርት፣ የኪራይ ገቢው ራሱን የቻለ አካውንት ይግባና ለጥገና ብቻ ይዋል፣ በየሶስት ወሩ ገቢና ወጪው በር ላይ ይለጠፍ። ከደሞዝ ሚቆረጥ ካለ ደሞ ማይፈልግ ሰው አዳራሽ ውስጥ መነሳት ሳያስፈልገው በቅፅ ይሙላ፣ ለሚሰጠውም ደረሰኝ ይሰጠው።

እናንተም እባካችሁ አንድ ጋዜጠኛ ላኩና የስታዲየሙን የውሃ ቢል ማን እንደሚከፍል ጠይቁልን። ትልቅ ምርመራ አይደለም፣ ቢሉን ብቻ።

ከግሽ አባይ ክፍለ ከተማ፣ ባህር ዳር